ትናንት ማታ ጀመረኝ

ከጎኔ ያለው ታማሚ ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አያወጣም። ሆዱን በስተቀኝ ደግፎ ይዞ፣ ሲስቅ እንኳ በዝግታ ነው። ሚስቱ ሱሪውን አጣጥፋ ታቅፋ ተቀምጣለች።

ሐኪሟ ሆዱን ዳሰሰችና፣ «አባቴ፣ መቼ ጀመረዎት?» አለችው።

«ትናንት ማታ፣ ልጄ።»

«ከዚያ በፊትስ እብጠት አልነበረም? ድንገት የተቆጣ ትርፍ አንጀት ከሆነ ቀላል ነው። ቀስ በቀስ ያበጠ ከሆነ ግን ዝልግልግ ፈሳሽ ቋጥሮ ይሆናል፤ እጃችን ላይ ከፈነዳ ሆድዎ ውስጥ ይበተናል። አልትራሳውንዱ ተበላሽቷል፤ ያለኝ እጄና የእርስዎ ቃል ነው።»

«ትናንት አልኩሽ እኮ። ለትርፍ ነገር ይህ ሁሉ ጥያቄ?»

ሚስቱ ቀና ስትል በዓይኑ ገሠጻት።

ሐኪሟ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረ። «ቆይቷል ባልኩ ቁጥር ቀጠሮ ይዘህ ተመለስ ይሉኛል። ትናንት ስል አልጋ ሰጡኝ» አለኝ፣ እንዳሸነፈ ሰው ፈገግ ብሎ።

«አሁንማ አልጋውን ይዘሃል፤ ንገራት» አልኩት።

«ልታስወርደኝ ነው?» አለና ፊቱን አዞረብኝ። ወዲያው በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሰዱት።

እኩለ ቀን ላይ ሐኪሟ ላብ እንዳጠመቃት ተመለሰች።

«እናቴ፣ ፈንድቷል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ መቼ ነው የጀመረው?»

ሴትየዋ ሱሪውን ዘርግታ ወገቡን አሳየቻት። ሲጠብበው በሌላ ጨርቅ አስፍታለት ኖሯል። የጨመረችው ጨርቅ በእጥበት ብዛት ነጥቶ፣ ከሱሪው ጋር አንድ ቀለም ሆኗል።