በረሃው የለመለመ ጊዜ

የወሎ ሰው ነኝ፤ ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ካርቱም ሁለት በሚሉት ሰፈር በሠራተኝነት የምሠራበት ቤት ባለቤት የግብርና መሐንዲስ ነው። ሳሎን ቁጭ ብሎ ከሳተላይት የሚመጣ ሥዕል ኮምፒውተሩ ላይ ሲያይ ይውላል። አንድ ጠዋት ወለሉን ስወለውል፣ "ያ ሐጃ፣ ነይ አገርሽን እይ" አለኝ። የእኛ ተራራ፣ ከሥሩም የአፋር በረሃ። በረሃው አረንጓዴ ለብሷል።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዝናብ አግኝተዋል" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አንበጣ የሚፈለፈለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው አለኝ። ሳተላይቱ አንበጣውን አያየውም፤ የሚበላውን ልምላሜ ነው የሚያየው። እዚያ ድረስ ሄደው ያዩ ሰዎች ደግሞ ክንፍ ያወጣ መንጋ አግኝተዋል። የቀረው ነፋሱ ወደ ተራራው መዞሩ ነው።

"ይዞራል?"

"ወላሂ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ ግን ማሳ ቢኖረኝ አልጠብቅም።"

ልጄ ተራራው ጫፍ ላይ ጤፍ ዘርቷል፤ የእሱ፣ የሚስቱና የሁለት ሕፃናት የዓመት ቀለብ ነው። አሁን እጨድ ካልኩት ፍሬው ይቀልበታል። ዝም ካልኩ ደግሞ ምናልባት ጭራሽ ባዶውን ይቀራል። እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ፈሪም ነኝ፤ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ያየሁት ግን ግልጽ ነበር። ደወልኩና ስለ ሳተላይቱና ስለ አንበጣው ነገርኩት።

"እማ፣ አሞሻል እንዴ? ገና ሳምንት ይቀረዋል።"

"እጨደው።"

"ካርቱም ሆነሽ ማሳዬ ይታይሻል? እስቲ ቀዩ በሬ የት ቆሟል?"

"ሳተላይቱ በሬ አያይም፤ ሣር ነው የሚያየው። ነገ ጀምር።"

"ሰው ይስቅብኛል።"

"ይሳቅ። እናቴ አዘዘችኝ በል።"

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በአምስተኛው ቀን ደወለ። ከበስተኋላው ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ፣ ሰው ሲጯጯህ ይሰማኛል። መንጋው ደርሷል። የላይኛውን ማሳ አጭዶ ከምሯል፤ የታችኛውን ግን የሰውን ሳቅ ፈርቶ ትቶት ነበር። ያኛው ማሳ አልቋል።

ቁጣው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ክምሩን ሸፍነው" ብቻ አልኩት።

"ሸፍኛለሁ። እማ፣ መንጋው ከዚህ ወዴት ነው የሚሄደው? አክስቴ ገና አላጨደችም። ጎረቤቶቹም እናትህን ጠይቅልን ብለው ከበውኛል።"

"ቆይ፣ እንዳትዘጋው" ብዬ መጥረጊያዬን ጥዬ ሳሎን ገባሁ። መሐንዲሱ ስልክ እያወራ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን በር ላይ ቆሜ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

"ያ ባሽሙሐንዲስ፣ ነፋሱን አሳየኝ" አልኩት።