ሞተር ያወረድንበት ኅዳር

ትናንት ጂማ ውስጥ ከጊንጆ ወደ ጅሬን ስወጣ የተሳፈርኩባት ባጃጅ መንገድ ተዘግቶባት ቆመች። ሦስት ጎረምሶች የአንዲት አሮጌ ታክሲ ሞተር በገመድ አንጠልጥለው እየተሳሳቁ ያወርዳሉ። አንደኛው እጁን ከሥሩ አስገብቷል። ከባጃጇ ወርጄ፣ «እጅህን አውጣ» አልኩት። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ልጁ፣ «ፋዘር፣ አያስቡ፣ ለምደነዋል» አለኝና ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም በዚያ ዕድሜ ትልቅ ሰው ሲመክረኝ እስቅ ስለነበር አልተቀየምኳቸውም። ተመልሼ ስቀመጥ ግን ዓይኔ ከልጁ እጅ ላይ አልተነሳም።

ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አባቴ ጋሽ ታደሰ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ቤታችን እዚሁ ጂማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ነው። ግቢያችን ውስጥ፣ ከቡናው መጋዘን ጎን፣ በሸራ የተሸፈነች ቀይ ባለ ሁለት በር የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረች። የእኛ አይደለችም። የአባዬ የልጅነት ጓደኛ መምህር አሰፋ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በአደራ የተዉአት ናት። አባዬ እሑድ እሑድ ሸራዋን ገልጠው ሞተሯን ያስነሳሉ፣ ጥቂት ያዳምጡና ያጠፏታል። አንድም ቀን ከበር አስወጥተዋት አያውቁም። ለእኔ ይህ ግፍ ነበር። እንዲያ ያለች መኪና እንደ ታሰረች በግ ቆማ ስትውል አንጀቴ ያርር ነበር።

ኅዳር ላይ አባዬ ለቡና ለቀማ ወደ ጌራ ሄዱ። ሳምንት እንደሚቆዩ፣ ቅዳሜ ደግሞ መምህር አሰፋ መኪናቸውን ሊወስዱ እንደሚመጡ ነግረውኝ ነበር። ስቋምጥላት የኖርኩት መኪና ሳልነዳት ልትሄድብኝ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ከጎጃም መጥቶ ኮሌጅ የሚማረውንና የእኛን ሰርቪስ ተከራይቶ የሚኖረውን ጓደኛዬን ደረጀን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ አጋሮ ነዳኋት።

የመንገዱን ደስታ አልክድም። በየደጁ ቀይ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ የሚደርቀው እሸት ጣፋጭ ሽታ በመስኮት ይገባል። አጋሮ አቮካዶ በጨው በላን፣ ልጃገረዶች እንዲያዩንም ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞርን። ስንመለስ ዳገት ላይ ከኮፈኗ እንፋሎት ተነሳ። ቆሜ ውሃ መጨመር ሲገባኝ፣ የዳገቱ ጫፍ ልድረስ ብዬ ቀጠልኩ። ሞተሯ አንድ ጊዜ ጮኸና ቀጥ አለ። ቡና በጫነ አይሱዙ ተጎትተን ጂማ ገባን።

አብሮ አደጌ ነዚፍ ያን ጊዜ ጊንጆ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። መጥቶ አየና ፒስተኑ ስለተጣበቀ ሞተሩ ካልወረደ እንደማይሆን ነገረኝ። ጋራዥ መውሰድ አይታሰብም፤ የጂማ መካኒክ ሁሉ አባዬን ስለሚያውቅ ወሬው ጌራ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ነዚፍ ፊቴን አይቶ፣ «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ። እዚሁ እናወርደዋለን። ኢንሻላህ ለቅዳሜ ትደርሳለች» አለኝ።

የፈራሁት ቁጣና ዱላ አልነበረም። ገበሬው ቡናውን ሳያስመዝን በአባዬ መጋዘን ጥሎ ይሄድ ነበር፤ እስከዚህ ይታመናሉ። አሁን በእኔ ምክንያት፣ በገዛ ጓደኛቸው ፊት፣ አደራ በላ ሊባሉ ነው። የነዚፍ እናት ማር የፈሰሰበት ጨጨብሳ ልከውልን ሁለቱ ዘይት በነካው ጣታቸው ሲበሉ እኔ ከመኪናዋ ሥር አልወጣሁም። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ረቡዕ ቡሎኖቹ ተፈተው አለቁ፤ የቀረው ማንሳት ነበር። ነዚፍ የሞተር ማንሻ ሰንሰለት ከጋራዥ አምጥቷል፣ የሚሰቀልበት ግን የለም። የቡና ሚዛን የሚንጠለጠልበትን ባለ ሦስት እግር እንጨት ያሰብኩት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ጆንያ ሲሸከም አይቼዋለሁና ሞተር ያቅተዋል አላልኩም። ሚዛኑ ሁልጊዜ የሚቆመው በተደለደለ ደረቅ መሬት ላይ መሆኑን፣ ጆንያም ለአፍታ ብቻ ተሰቅሎ እንደሚወርድ አላሰብኩም። እኛ ያቆምነው፣ ማክሰኞ የዘነበ ያለ ጊዜው ዝናብ ባራሰው ጓሮ ነው። ከቡና ነጋዴ ልጅ በቀር እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ የለም።

ሞተሩ ተነሳ። እኔ ሰንሰለቱን ይዣለሁ፣ ደረጀ መኪናዋን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ነዚፍ ሞተሩ ከመኪናዋ ጋር እንዳይጋጭ በሁለት እጁ ደግፎታል። የእንጨቱ አንደኛው እግር መስመጥ ጀመረ። ነዚፍ ቀድሞ አየው።

«እየሰመጠ ነው፣ ልለቀው» አለ።

«እንዳትለቀው» አልኩ።

አልለቀቀውም። እንጨቱ ተንሸራተተ፣ ሞተሩ ዞሮ ቀኝ እጁን ከመኪናዋ ብረት ጋር አጣበቀው። ነዚፍ አልጮኸም፤ ስሜን ብቻ ሁለት ጊዜ ጠራ።

ሆስፒታል ሦስት ጣቶቹን አጣ። አባዬ ወሬውን ሰምተው በማግስቱ ደረሱ። መኪናዋን ሳያዩ በቀጥታ ወደ ነዚፍ ሄደው አልጋው አጠገብ ብዙ ተቀመጡ። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ሲወጡ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። እንጨቱ ሰመጠ፣ ነዚፍም እጁን ሳያወጣ ቀረ አልኩ።

«እንዲያ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ቅዳሜ መምህር አሰፋ ሲመጡ አባዬ የሆነውን ሳይደብቁ ነግረው በመኪናዋ ምትክ የራሳቸውን ፒክአፕ ቁልፍ አስያዟቸው። ያን ዓመት ጌራ የተመላለሱት በሕዝብ መኪና ነው። አደራ በላ ያላቸው የለም፤ እንዲያውም ይበልጥ ተከበሩ። ነዚፍ ጣቶቹን ያጣው በከንቱ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። እውነቱን ለአባዬ ልነግራቸው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። መጀመሪያ ፈራሁ፣ በኋላ ደግሞ ያለፈ ነገር መቀስቀስ መሰለኝ።

ነዚፍ አሁን ጊንጆ መለዋወጫ ይሸጣል። በየጊዜው እንገናኛለን፣ ስለዚያ ቀን ግን አውርተን አናውቅም። ትናንት ባጃጇን አስመልሼ ሱቁ ሄድኩና ሳልቀመጥ፣ «እንዳትለቀው ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት።

ነዚፍ ይለየው ከነበረው ቡሎን ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «አውቃለሁ» አለ። «ያኔ ሆስፒታል ጋሽ ታደሰ ሲጠይቁኝ ነግሬያቸዋለሁ። ዋላሂ፣ እሳቸውን መዋሸት አልቻልኩም። ማወቃቸውን እንዳልነግርህ ለመኑኝ። እሱ ራሱ ይነግረኛል አሉ።»

አባዬ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። ቁርስ አብረን በልተናል፣ ለቀማ አብረን ሄደናል፣ በመጨረሻ ሕመማቸው ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እየጠበቁኝ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ እንኳን ሳያውቁ ቀሩ እያልኩ ፈጣሪዬን አመሰግን ነበር።