በሰሊጥ መጋዘን የተለቀሰለት ወታደር

የጄኔሬተር ናፍጣ በሸተተኝ ቁጥር፣ ልጅ ሳለሁ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ፣ በሰሊጥ መጋዘን ውስጥ በጄኔሬተር ያየነው የውጭ አገር ፊልም ትዝ ይለኛል።

አንድ ወታደር በረዶ ላይ ወድቆ ሲሞት፣ ልጃቸው የዘመተባቸው እማማ ጥሩነሽ ተነሥተው ማልቀስ ጀመሩ።

«እማማ፣ የውሸት ነው እኮ የሞተው! አሁን ተነሥቶ ራቱን ይበላል» አለ ከጎጃም የመጣ ሰሊጥ አጫጅ እየሳቀ።

«አንተስ እዚህ ብትሞት ማን ያለቅስልሃል? እኛው አይደለን?» አሉት።

ቆላ ወርዶ ለሞተ የቀን ሠራተኛ፣ እናቱ እስክትሰማ መንደሩ ያለቅስለታል።

«የዚህም ወታደር እናት ሩቅ ናት። እኔ ዝም ካልኩ ለኔስ ልጅ ማን ያለቅስለታል?» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

አጫጁ ኮፍያውን አወለቀ፤ ፊልሙን የሚያዩት ሴቶችም ለቅሶውን ተቀበሉ።

ልጃቸው ይመለስ አይመለስ ሳይታወቅ እኛ ኮኪትን ለቀቅን። ዛሬም ፊልም ላይ ሰው ሲሞት የሚያለቅስለት ካለ ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ፤ ቀድሜ ለማልቀስ ግን አፍራለሁ።