የደነገጡ አይጦችና የእህቴ ሽሮፕ

መምህሩ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነጫጭ አይጦች እያረባ የሕመም ማስታገሻ ይሞክርባቸዋል። እኔ አሶሳ ገበያ እህል ስለምነግድ መኗቸውን ከእኔ ነው የሚወስደው። ዕድሜ ልኬን አይጥ ከመጋዘኔ ስትሰርቀኝ ኖራ፣ በስተርጅና ደንበኛዬ ሆነች።

አንድ ቀን አይጦቹን ወደ ሌላ ሕንፃ ላድርስለት ብዬ የሽቦ ሳጥኖቻቸውን ባጃጄ ላይ ጫንኩ። ገበያ የማደርሳቸው ዶሮዎችም ስለነበሩኝ አብሬ አጨቅኳቸው። ስንደርስ መምህሩ ሳጥኖቹን ገልጦ አየና ራሱን ያዘ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አልሠራባቸውም። በዶሮዎቹ ጫጫታ ደንግጠዋል።»

«ታዲያ ማስታገሻ አይደል የምትሰጣቸው?»

«የደነገጠ ላይ መድኃኒቱ እንደ ወትሮው አይሆንም። ድንጋጤው ራሱ ለጊዜው ሕመም ያስረሳል፤ መድኃኒቱ የበረታ ይመስላል። ጭንቀቱ ሲሰነብት ደግሞ ያው መድኃኒት ሕመሙን ላይዝ ይችላል። እስኪረጋጉ እጠብቃለሁ።»

«እኛን እስክንረጋጋ የጠበቀን የለም» አልኩት። ሳቅን።

ነገሩ ትዝ ያለኝ ታላቅ እህቴን ከትውልድ ቀያችን ከመንጌ ወደ አሶሳ ካመጣናት በኋላ ነው። ካንሰር አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ለእኛ ነግሮን፣ ለሕመሙ ማስታገሻ የሞርፊን ሽሮፕ ሰጥቶ ወደ ቤት መለሰን። ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው በሽታ ለታማሚው አይነገርም፤ ተስፋዋ እንዳይቆረጥ «ብርድ ነው» አልናት።

«በአሶሳ ሙቀት?» አለች።

ጠያቂ ይመጣል፣ «አላህ ያሽርሽ» ይላል፣ ሲወጣ በር ላይ ከምታስታምማት አክስታችን ጋር ይንሾካሾካል፣ እንባውን ጠርጎ ይሄዳል። እህቴ አንገቷን ወደ በሩ አስግጋ ታዳምጣለች። ሽሮፑን ትጠጣለች፤ ሕመሙ ግን አይለቃትም። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረላት። ትንሽ ቀለል አላትና መልሶ ባሰባት።

መምህሩ ዘንድ ሄጄ የእህቴን ነገር ነገርኩት። «እኔ የማውቀው አይጥ ነው፣ ጋሼ፤ የሰው ሐኪም አይደለሁም» አለኝ። «ግን ምን እንደሚያስጨንቃት ጠይቀዋታል?»

አልጠየቅናትም። እንዴት ብለን እንጠይቃት? የሚያስጨንቃት የእኛ ሹክሹክታ ነበር።

አክስታችን ሶላት ላይ ሳለች አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ ብርድ አይደለም» አልኳትና የበሽታውን ስም ነገርኳት።

እሷም፣ «ትድናለች ያለ ሐኪም አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ መንጌ መልሰኝ። እናታችን አጠገብ ቅበሩኝ።» ፊቴን አየችና፣ «ደግሞ ውሸት አትችልበትም። እንዴት ነው የምትነግደው?»

አክስታችን ስትሰማ «ገደልካት!» ብላ ጮኸችብኝ። ጠያቂውም በር ላይ የሚንሾካሾከው ነገር አጣና እልፍኝ ገብቶ ይቀመጥ ጀመር፤ እሷም ታወራዋለች። ሽሮፑ ያው ሽሮፕ፣ መጠኑም ያው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን እንቅልፍ ወሰዳት፤ አፏን ከፍታ አንኮራፋች። ሕመሙ አልጠፋም፤ ስትነቃ ግን «አሁንስ ይቻላል» አለች።

ስትሞት መንጌ ወስደን ባለችው ቦታ ቀበርናት። አክስታችን እስካሁን አታናግረኝም። ምናልባት እውነቷን ነው፤ ብደብቃት ኖሮ ጥቂት ቀን ትጨምር ይሆን ነበር። እነዚያን ቀናት ግን በሩን እያዳመጠች ነበር የምትጨርሳቸው።