ከወይራው ሥር የቆመችው እናቴ

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም ነበር፤ ውስጥ ገብታ ግን አታውቅም። ከጎንደር በላይ፣ ደጋው ላይ ባለችው መንደራችን፣ ከቅጥሩ በር አጠገብ አንድ ወይራ አለ። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ እሱን ተደግፋ ታስቀድሳለች፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ተሳልማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሰው ሁሉ ትሕትናዋ ነው ይል ነበር፤ እኔም እኮራባት ነበር።

ልጄን ስወልድ ግን ኩራቱ ወደ ንዴት ተለወጠ። የምኖረው ጎንደር ከተማ፣ አራዳ ነው፤ በዙሪያዬ ስንት ደብር እያለ ለእሷ ስል ክርስትናውን እዚያ አደረግሁት። ሰማንያ ቀን የሞላትን ሕፃን ይዤ በሚኒባስ ደጋ ወጣሁ። እናቴ ልጅቷን እስከ ወይራው አቅፋ መጣችና ለአማቴ ሰጠቻት። ግቢ እንጂ አልኳት፣ እምቢ አለች። አማቴ ንቀት መሰላት። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌን አልችለውም፤ ሰው እየሰማ፣ "ካልገባሽ ምን ልታደርጊ መጣሽ?" አልኳት።

"እኔ ከዚሁ እሳለማለሁ፣ ልጄ" አለችኝ።

ተኮራርፈን ተለያየን።

የአራዳ ውኃ በፈረቃ ነው። ወልጄ ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ ጀሪካን ስሸከም ነበር፤ ጉረኛ ነኝና ማን ያስቁመኝ። ከክርስትናው በኋላ አንድ ቀን አስነጠሰኝና ቀሚሴ ራሰ። ከዚያ ስስል፣ ስስቅ፣ ልጄን ሳነሳ ሁሉ ያመልጠኝ ጀመር። ለባሌ አልነገርኩትም። ጥቁር ቀሚስ መልበስ፣ ሶፋው ላይ ከመቀመጤ በፊትም ጨርቅ ማንጠፍ ለመድኩ።

ሲብስብኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ መርምራኝ አልደነገጠችም። ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ በወሊድ ላልቷል አለችኝ። ሽንቱን እንደሚይዝ ሰው አጥብቂው፣ ትንሽ ቆጥረሽ ልቀቂው፣ በየቀኑ ሥሪው፣ ከባድ ነገርም አትሸከሚ አለችኝ። ማህፀኗ ለሚወጣባት ሴትም ሕክምና እንዳለ ነገረችኝ። በቃ ይኸው ነው? ብዬ ሳቅሁ፤ ስስቅ ደግሞ አመለጠኝ።

ቤት ገብቼ ጨርቄን ሶፋው ላይ ሳነጥፍ እጄ ባለበት ቀረ። እናቴ እኔ ጋ ስትመጣ የራሷን አጎዛ ይዛ መጥታ መሬት ላይ ነበር የምትቀመጠው። ሶፋው ላይ ሁኚ ስላት ይኼ ይመቸኛል ትለኛለች። እኔ ደግሞ የባላገር ነገር ብዬ እስቅባት ነበር። እስቅባት ነበር፣ አፈር ልብላ!

በማግስቱ ደጋ ወጣሁ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን መጀመሪያ የራሴን ነገርኳት፣ ከዚያ እሷን ጠየቅኋት። ማህፀኗ እንደሚወጣ፣ በእጇ እየመለሰች እንደምትውል፣ ሽንቷም አልያዝ እንዳላት፣ እንዲህ ሆኜ እንዴት እገባለሁ ብላ ደጅ እንደቀረች ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት።

"አንቺን ከወለድሁ።" በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ገና አራስ ሳለች፣ እንስራ አዝላ ውኃ ወርዳ ነበር።

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምን ብዬ? አንቺን በመውለዴ የተጸጸትሁ እንዳይመስልሽ።"

እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው፤ ከታከሙት በእውነት ይድናል ወይ፣ ከዚያስ መግባት ይቻላል ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ይቻላል አልኳት። እንግዲያ አንድ ሸጋ ነጭ ቀሚስ አሰፊልኝ አለችኝ።

ቀሚሱ ተሰፋ፤ የሆስፒታል ቀጠሮም ተያዘ። መንገዱ ግን ተዘጋ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ስንል ክረምቱ ገባና እናቴን ሳንባ ምች ያዛት። መንገዱ ተከፍቶ ስደርስ ለቀብሯ ደረስኩ።

ነጩ ቀሚስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቃሬዛዋን የተሸከሙት ሰዎች ወይራው ጋ ሲደርሱ አልቆሙም፤ ለፍትሐቱ ይዘዋት ወደ ውስጥ ገቡ። አማቴ እጄን ይዛ ግቢ እንጂ አለችኝ። እግሬ እምቢ አለኝ፤ ወይራው ሥር ቀረሁ።