ኦይታና የጉዲፈቻው ፈረስ

ኦይታ በስድሳ ሁለት ዓመት ዕድሜው ብዙ ወረቀት ፈርሟል፤ የመሬት ግብር፣ የእድር፣ የጋሪ ታርጋ። አንዱም እንደዚህኛው አላላበውም። ወረቀቱን የሰጠው ከአርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር ወጣ ብሎ ያለው የጋማ ከብት መጠለያ ነው፤ ቀን የጣላቸውን ፈረሶችና አህዮች ከየመንገዱ ሰብስቦ የሚያክም፣ ሲያገግሙም ደህና ቤት ፈልጎ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ድርጅቱ አሰጣጡን «ጉዲፈቻ» ይለዋል። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ኦይታ ግን የቅጹ ሰባተኛ ጥያቄ ላይ ስለ ደረሰ ሳቅ አልመጣለትም።

«ከዚህ በፊት ፈረስ ነበረዎት? ከነበረዎት ምን ሆነ?» ይላል ጥያቄው።

ነበረው እንጂ። ኦይታ ሃያ ሁለት ዓመት አርባ ምንጭ ላይ ጋሪ ነድቶ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። የመጨረሻው ፈረሱ ቡላ ይባል ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ኋላ ባጃጅ መጥቶ ተሳፋሪውን ሲወስድ፣ ቡላም የፊት እግሩን ማንከስ ሲጀምር፣ ኦይታ ሌሎች ባለጋሪዎች ሲያደርጉ ያየውን አደረገ። አንድ ጠዋት ልጓሙን አውልቆ አደባባዩ አጠገብ ተወው። ባለጋሪዎቹ ለዚህ ሥራ ያማረ ስም አላቸው፤ «ለእግዜር ለቀቅነው» ይላሉ። እግዜር ድርቆሽ ሲያጭድ ግን ማንም አላየም። ኦይታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለልክነሽ «ቡላ ሞተ» አላት። ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት አልፏል።

እስክሪብቶውን አነሳና «ሞተ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ፊደል ናት፤ ለመጻፍ ጊዜ አትፈጅም።

ቅጹን የተቀበለችው የመጠለያው ሐኪም ዶክተር ሄራን ናት። ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ ቅርብ ነው፣ በወረቀት ጉዳይ ግን ቀልድ አታውቅም። ግዴታዎቹን አንድ በአንድ አነበበችለት። ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ የደረቀ ማደሪያ ይኑር። ውኃ አይጉደል። ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ፈረሱ አይጫንም፣ አይጋለብም፣ ጋሪ አይጎትትም፣ ለማንም በውሰት አይሰጥም። በቅጹ ላይ የሐሰት መረጃ ከተገኘ ፈረሱ ይመለሳል። ይህችን የመጨረሻዋን ስታነብ ኦይታ ጫማውን ያይ ነበር።

ጋሪው ከቀረ በኋላ ኦይታ ከዶርዜ በላይ ባለች መንደር፣ በአባቱ መሬት ላይ እንሰቱንና ገብሱን ይዞ ተቀምጧል። መጠለያው ደግሞ የደጋ ሰው ይፈልጋል፤ የቆላው ዝንብ ለደከመ ፈረስ አይሆንም። ኦይታም ሣር አለኝ፣ ፈረስ አውቃለሁ ብሎ ወረደ። ለሰው የሚናገረው ምክንያት ይኸው ነው። የውስጡ ሌላ ነበር። ቡላን መመለስ እንደማይችል ያውቃል፤ አንዱን እንኳ በወጉ አብልቼ ልሙት ነው ነገሩ።

የደረሰው ፈረስ ማራኪ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ወይ በጣም ደግ ነው፣ ወይ ፈረሱን አላየውም። ዳማ ነው፤ ጎድኑ ይቆጠራል፤ ጀርባው ገጥቦ በዳነበት ቦታ ፀጉር አልበቀለም፤ አንድ ጆሮው ተቀዷል። አይሱዙ ላይ አልወጣም ብሎ ስላስቸገረ ኦይታ በእግር ይዞት ሊወጣ ወሰነ።

የአንድ ቀን መንገድ ሁለት ቀን ፈጀ። ማራኪ እጁን ያነሳ ሰው ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚያ ዳገት ደግሞ እጁን የማያነሳ የለም፤ ሚኒባስ የሚጠብቀው ያነሳል፣ ሰላም የሚለው ያነሳል፣ ለቱሪስት ጋቢ የሚሸጠው ያነሳል። ኦይታ ጎተተው፤ አልሆነም። ለመነው፤ አልሆነም። በኋላ ነው የድሮ ሙያው የደረሰለት። ማራኪ የጋሪ ፈረስ ነበር። እጅ ከተነሳ ተሳፋሪ አለ ማለት ነው፤ ተሳፋሪው ወጥቶ ሳይቀመጥ ደግሞ አይነሳም። ከዚያ ወዲያ ኦይታ ፈረሱ በቆመ ቁጥር፣ ሰው ወጥቶ እስኪቀመጥ የሚበቃ ጊዜ እየጠበቀ የፈረሱን ጭን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፤ ማራኪም መንገዱን ይቀጥላል። እንዲህ የሌለ ተሳፋሪ እያሳፈሩ ዶርዜ ደረሱ። ኦይታ እየሳቀ እንባው መጣ፤ ጋሪው እንደ ቀረ ለዚህ እንስሳ የነገረው የለም።

መንደሩ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለ። የማይጫን፣ የማይጋለብ፣ ጡረታ የወጣ ፈረስ፣ ያውም በጉዲፈቻ። አንዱ የልደት ካርድ አወጣህለት ወይ ይላል፤ ሌላው ትምህርት ቤት መቼ ይገባል ብሎ ይጠይቃል። ልክነሽ አልቀለደችም። ለቤት ያልተረፈ ገብስ ለፈረስ ሲሰፈር እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ማራኪም ቢሆን ውለታ የሚያውቅ አልነበረም። በመጀመሪያው ወር ኦይታን ሁለቴ ነከሰው። በግራ በኩል ሰው ከቀረበው ግርግዳ ይረግጣል፤ እዚያ በኩል የደረሰበትን ዱላ እሱ ነው የሚያውቀው። ኮቴው ውስጥ መግል ስለነበር በየቀኑ በጨው ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ለዚህ ደግሞ ኦይታ በስድሳ ሁለት ዓመቱ ጭቃ ላይ ይንበረከካል። በሁለተኛው ወር ፈረሱ የኦይታን ሳል ሲሰማ አንገቱን በበሩ ብቅ ማድረግ ጀመረ። ያን ቀን ኦይታ ምሳውን ሳይበላ ረሳ።

የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመንደሩ ትልቅ ሰው፣ የጎረቤቱ የአጵሎስ አባት አረፉ። በዚያ ደጋ የታላቅ ሰው የበኩር ልጅ ወደ ለቅሶው ሜዳ የሚመጣው በፈረስ ነው። አብዛኛው ሰው ወንጌል ከተቀበለ በኋላ ብዙ ወግ ቀርቷል፤ ይህ አልቀረም። መንደሩ ውስጥ የቀሩት ፈረሶች አራት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ ለሟቹ ወንድሞች ተይዘዋል። አራተኛው ማራኪ ነው።

አጵሎስ መጣና ቆሞ ለመነው። ኦይታ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፈረሱ ጀርባ አስረዳው። አጵሎስ ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤

«ጋሼ ኦይታ፣ አባቴን በእግሬ ልቅበር?»

ኦይታ ወደ ፊት ቢል ገደል፣ ወደ ኋላ ቢል ገደል ሆነበት። ለለቅሶ ፈረስ የከለከለ ሰው ነገ ሲሞት የሚሸከመው አያገኝም። ከሰጠ ደግሞ፣ ያ ገና የደረቀ ጀርባ በአንድ ቀን ግልቢያ ይከፈታል፤ ማራኪም ወደ መጠለያው ይመለሳል። የመንደሩ ሰዎች ነገሩን ወደ ዱቡሻ ወሰዱት፤ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው። የዱቡሻ ሥርዓት የታወቀ ነው። የሚናገር ሰው በዚያ ነገር ላይ የሸሸገው ካለ አስቀድሞ ያወጣል፤ ሸሽጎ ከተናገረ ቃሉ አይያዝለትም። ኦይታ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ነበር የሄደው። ሣሩ ላይ ሲቆም ግን እጁ ወደ ኪሱ አልሄደም።

«ቡላ አልሞተም» አለ። «አነከሰብኝና አደባባይ ላይ ትቼው ሄድኩ። ተከትሎኝ መጣ። እንዲመለስ ብዬ ድንጋይ ወረወርኩበት። ሁለተኛውን ስወረውር ቆመ። ይህን ፈረስ የወሰድኩት ስለዚያ ነው፤ አሁን ጀርባውን ካስከፈትኩ ሁለቱንም የጣልኩ እኔ ነኝ።»

ሲያሾፉበት የከረሙት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ፤ ከመካከላቸው የደከመ አህያ ያልለቀቀ ማን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ልክነሽ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ሰምታለች። በመጨረሻ አንጋፋው ሽማግሌ፣ አቶ ዘካሪያስ ተነሡ።

«ፈረሱ ይምጣ» አሉ። «ማንም አይቀመጥበትም። አንተ በቀኝ፣ አጵሎስ በግራ ሆናችሁ ይዛችሁት ትመጣላችሁ። እኛ ሟቹን የምናከብረው ፈረሱ ስለመጣ ነው፤ የግድ ሰው ይሸከም ያለው ማነው?»

አጵሎስ ራሱን ነቀነቀ። ኦይታ ግን «በግራ» የምትለዋ አሳሰበችው፤ ማራኪ በግራ በኩል ሰው አያስጠጋም። ለአጵሎስ ይህን ነግሮት ከፈረሱ እይታ እንዳይወጣ፣ ድንገትም እንዳይነካው አስጠነቀቀው። በማግስቱ ለቅሶው ላይ አጵሎስ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ገመዱን አላልቶ ይዞ እያለቀሰ ይሄዳል። ፈረሱ መጀመሪያ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ፤ ሜዳው መሐል ሲደርሱ ግን ለቅሶው ይሁን ድካሙ እንጃ፣ ተወው። አልቃሾቹ እጃቸውን ወደ ላይ ባነሱ ቁጥር ማራኪ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሕዝቡ «ፈረሱም አዘነ» እያለ ይብስ አለቀሰ። ኦይታ ውሸቱን በዱቡሻ ባወጣ በማግስቱ ይህችን አንዲት ነገር ሳያርም ዝም አለ። ይቅር ይባልለት።

ልክነሽ ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን የገብሱን ቁና ከእጁ ወሰደችበት።

«አሥር ዓመት ሙሉ፣ ከተማ ስትሄድ ከአደባባዩ አስቀድመህ ከሚኒባስ የምትወርደው ለምን እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ?» አለችው። «እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅኩት።» ከዚያ ገብሱን ራሷ ሰፈረች፤ እሱ ከሚሰፍረው አንድ እፍኝ አስበልጣ።

የሙከራው ጊዜ ባለቀ ቀን ዶክተር ሄራን መጣች። የፈረሱን ጥርስ አየች፣ ኮቴውን አነሳች፣ ጀርባውን ዳሰሰች። አዲስ ፀጉር በቅሎበታል። ደስ ብሏት ወረቀቷን አውጥታ ልትፈርም ስትል ኦይታ እጇን ሊይዝ ምንም አልቀረው።

«ቆዪ ልጄ፣ አትፈርሚ» አላትና በዱቡሻ የተናገረውን ሁሉ ነገራት። ድንጋዩን አልዘለለም።

ሄራን እስክሪብቶዋን ከደነች። የሐሰት መረጃ ካለ ውሳኔው የኮሚቴው እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ነገረችው። አልተቆጣችም፤ ተስፋም አልሰጠችውም። ውኃ ብቻ ጠጥታ ወረደች። ኦይታ ማራኪን ሄዶ አቀፈው፤ ፈረሱም እንደ ልማዱ ሊነክሰው ሞከረ።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ኦይታ ማረሻ ሲስልም፣ ጸሎት ቤት ሲቀመጥም ጆሮው ከመኪና መንገዱ አይለይም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጠራው እውነት ፈረሱን ይዞበት እንደሚሄድ ግን እርግጠኛ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ አይሱዙ እያቃሰተ ዳገቱን ሲወጣ ሰማ። ማራኪን አወጣው፣ ጋማውን አበጠረለት፣ ኮቴውን ጠረገለትና ገመዱን ይዞ መንገድ ዳር ቆመ። ልክነሽ አብራው ቆመች፤ ግቢ ስትባልም አልገባችም።

ሄራን ከጋቢናው ወረደችና ፈረሱን፣ ቀጥሎ ሰዎቹን አየች። ለምን እዚህ አቆማችሁት ብላ ጠየቀች።

«ልትወስዱት መጥታችሁ አይደል?» አለ ኦይታ።

ሄራን የአይሱዙውን ጎን በመዳፏ ደገፍ አለች።

«ጋሼ ኦይታ፣ መጠለያው ውስጥ ሠላሳ አራት ፈረስ አለን» አለች። «ባለቤቶቻቸውን ፈልገን ያገኘናቸው ሁሉ ፈረሴ ሞቷል ነው ያሉን። ሠላሳ አራት ሟች በየቀኑ ድርቆሽ እናበላለን። ለቀቅኩት ያለን ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ኮሚቴው ማራኪን ለእርስዎ ፈርሟል። እኔን የላከኝ ሌላ ነገር እንድጠይቅዎ ነው፤ ማደሪያው ለሁለት ይበቃል?»

ሹፌሩ የኋላውን በር ከፈተው። ጨለማው ውስጥ አንዲት ነጭ ባዝራ ቆማለች። አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ጉልበቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ኦይታ ወደ በሩ ተጠግቶ ባዶ እጁን ዘረጋ። አልጠራትም፣ ገመዷንም አልነካም። እሷም አልመጣችም። እሱ ግን እጁን ሳያጥፍ ቆመ፤ ቀኑ ገና ነው፣ የሚያስቸኩለው የለም።

ልክነሽ ባዝራዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ይህችስ ምን ትበላለች?» ብላ ጠየቀችና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ቤት ገባች። ጥቂት ቆይቶ ቁናው ገብሱን ሲዝቅ ከውስጥ ተሰማ።