ዳንቴል የለበሰው ሲሊንደር

ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ ዳንቴሉን ላጥበው ብዬ ሳሎን ከቆመው የባለቤቴ የአየር ሲሊንደር ላይ ገፈፍኩት። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለሲሊንደሩ ሰጥታ ታነባለች። "ቀና በይ እስቲ፣ ልብሱን ላውልቅለት" አልኳት፤ እየሳቀች ቀና አለች። ከታች፣ እግሩ ጋ፣ ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጥሮ አብጧል። በጥፍሬ ነካ ባደርገው ተቀርፎ ወደቀ። ሥሩ ዝገት ነው። ዝገቱ እጄ ላይ እንደ በርበሬ ተበተነ።

ልጄ ጎንበስ አለች። አንገቱ ላይ ብረቱ ውስጥ የተቀረጹ ቁጥሮች አሉ፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበቻቸው።

"እማዬ፣ ይሄ ለመጨረሻ ጊዜ ቴስት የተደረገው እኔ ሳልወለድ ነው። በየአምስት ዓመቱ መደረግ ነበረበት።"

"ባዶ ነው አይደል?"

ጌጁን፣ የአየሩን መለኪያ፣ አየች። "ሙሉ ነው። አባዬ ቅዳሜ አስሞልቶታል።"

እጄን ከላዩ ላይ ቀስ አድርጌ አነሳሁ፣ የተኛ ውሻ እንደምነካ። ልጄንም ክንዷን ይዤ ወደ ኩሽና አስገባኋት።

ነገሩ የተጀመረው በሽኮኮ ነው። እዚህ ውጭ አገር፣ ስማይርና የምትባል ከተማ ቤት ከገዛን ወዲህ ባለቤቴ ጓሮ ቲማቲምና ቃሪያ ይተክላል። ሽኮኮ ደግሞ ቲማቲሙን አንዴ ገምጦ ይጥለዋል። ጨርሶ ቢበላው ኖሮ ባለቤቴ ይቅር ይለው ነበር፤ ገምጦ መጣሉ ነው ያንገበገበው። ሄዶ የአየር ጠመንጃ ገዛ። ባሩድ የለውም፤ ጥይቷን የሚገፋት የታመቀ አየር ነው። አየሩን በእጅ ፓምፕ መሙላት ይቻል ነበር። እሱ ግን ዌርሃውስ ዕቃ ሲጭን ትከሻውን ተጎድቷልና ፓምፕ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር ያስፈልጋል፤ ከሱ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠመንጃው ይሞላል። እስከ ዛሬ አንድ ሽኮኮ አልመታም። የሰፈሩን ጣሳ ግን ጨርሶታል።

ሲሊንደሩን የሰጡን አበልጃችን ናቸው። የልጄን ክርስትና ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው፤ በዕድሜም በነገርም ትልቅ ሰዎች ናቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከመኪናቸው ኋላ አውጥተው ሰጡት፤ ባለቤቴ እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀበለ። እሳቸው ሲመጡ እንዲያዩት ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመው። ግራጫ፣ የተፋፋቀ፣ ሲያዩት ደስ የማይል ነገር። ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ዳንቴል አላቸውና ለሱም ቁመቱን ለክቼ ሠራሁለት። ባለቤቴ የሚያስሞላውም ሱቅ ሄዶ አይደለም። ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው መንገድ አካባቢ፣ በገዛ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ፣ ምንም ሳይጠይቅ የሚሞላ ሰውዬ አግኝቷል። ሳይጠይቅ መሙላቱን እንደ ደግነት ቆጠረለት።

ዝገቱን ያየሁ ቀን ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ያዝኩት።

"ይሄ ነገር ዛሬ ከቤት ይወጣል።"

"የቱ ነገር?"

"ሲሊንደሩ። ዝጓል፣ ና እይ።"

አየው። በአውራ ጣቱ ጠረግ አደረገው። "ላይ ላዩን ነው። እኔና አንቺስ መች አልዛግንም?" ከዚያ በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገው፤ አገር ቤት ቡታጋዝ ስንገዛ እንደምናደርገው። "ስሚ ድምፁን። ደወል በይው።"

"ቡታጋዝ አይደለም አባዬ" አለች ልጄ ከኩሽና። "ሦስት ሺህ ፒኤስአይ ነው። የመኪናህ ጎማ ሠላሳ ምናምን ነው። ላይክ፣ መቶ እጥፍ።"

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፒኤስአይ አላውቅም። ጎማ ስትል ግን ገባኝ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ጎሚስታ ነበር፤ አንድ ቀን ኮምፕሬሰሩ ፈነዳ። ደግነቱ ሰዎቹ ምሳ ሄደው ነበር። ሮጠን ስንደርስ የቆርቆሮው ግድግዳ የለም፤ አንዱን ቆርቆሮ ከሦስት ቤት ማዶ ጣሪያ ላይ አገኙት። ልጄ ጀርባዋን አስደግፋ የምታነበው ከዚያ የባሰ ነገር ላይ ነበር።

"እሺ፣ ወስደህ አስመርምረው።"

"የአበልጅ ስጦታ ወስጄ ላስመርምር? ነገ ቢሰሙስ? ምን የሰጠሁት መስሎት ነው አይሉኝም?"

"ልጅቷ ብትጎዳስ ምን ይሉሃል?"

"አሁን ነገር አታክሪ።"

ከዚህ ሰው ጋር ስኖር ብዙ ነገር ችያለሁ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ቦምብ ሳሎኑ ውስጥ ሲያስቀምጥ ግን አቃተኝ። በጮህኩበት ጊዜ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጋራዥ አስገባው። ጋራዡ ደግሞ ከልጄ መኝታ ክፍል ሥር ነው። ስለዚህ ልጄን ከኔ ጋር አስተኛኋት፣ እሱን ሶፋ ላይ። ወገቡን እያሻሸ ይነሳል፤ ሲሊንደሩን ግን አይነካም። ልጄም "እማዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ዝም ብለን ጋርቤጅ እንጣለው" ትለኛለች። ሙሉውን የጣልነው እንደሆነ ቆሻሻ የሚወስዱትን ሰዎች መጨረሳችን ነው አልኳት። ልሸከመው ፈራሁ፣ ልከፍተው ፈራሁ፣ ልተወው ፈራሁ። ጋራዡ በር አጠገብ ሳልፍ እንኳ ትንፋሼን እውጣለሁ።

የፋሲካ ለት ጠዋት ብነሳ ሲሊንደሩ ተመልሶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል።

"አበልጆች ይመጣሉ" አለ ባለቤቴ። "ዳንቴሉስ የት አለ?"

"አልደረቀም" አልኩት። ደርቆ፣ ተጣጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

አበልጆቻችን መጡ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ባለቤቴ ሶፋውን፣ ሲሊንደሩ አጠገብ ያለውን የክብር ቦታ አሳያቸው። "ወዲህ ጠጋ ይበሉ እንጂ።" አበልጃችን ራቁቱን የቆመውን ሲሊንደር አዩትና "እዚህ ይሻለኛል፣ ይነፍስልኛል" ብለው በር አጠገብ ወንበር ሳቡ። የዚያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። እኚህ ሰው ሲሊንደሩን ከሰጡን ወዲህ በመጡ ቁጥር የሚቀመጡት በር አጠገብ ነው። በክረምቱ ብርድ እንኳ ይነፍስልኛል ብለዋል።

ወጡን አቀረብኩና አጠገባቸው ቆምኩ። "አበልጄ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይሄን ሲሊንደር ይፈሩታል?"

ባለቤቴ በዓይኑ ገረመመኝ። አበልጃችን እንጀራ ቆርሰው ያዙና ወደ በሩ አዩ። ሚስታቸውን ሳቅ ቀደማቸው።

"ንገራቸው እንጂ" አሉ። "ይሄ ነገር ጋራዣችን የገባ ጊዜ፣ ባዶም ቢሆን፣ እኔ መኪናዬን ደጅ ማቆም ጀመርኩ አይደል።"

"ለኔም የሰጠኝ የወንድሜ አማች ነው" አሉ አበልጃችን። "እምቢ ማለት አልሆነልኝም። አርጅቷል፣ ሳይፈተን አትሙላው ብሎኛል። ባልሽ ጠመንጃ ገዛሁ ሲለኝ፣ የሚያውቅ ሰው ነው፣ አስፈትኖ ይሞላዋል አልኩ። የሰጠሁት እኮ ባዶውን ነው።"

"ታዲያ ሳይፈተን አትሙላው ብለው አይነግሩኝም?" አለ ባለቤቴ።

"አሮጌ ነገር ሰጠኝ ትለኛለህ ብዬ ነዋ። አንተስ ለምን አላስፈተንከውም?"

"ስጦታዬን ጠረጠረ ይሉኛል ብዬ።"

"ይሄው ሳያስፈትን ሞልቶት ይሆን እያልኩ፣ በመጣሁ ቁጥር በር በር እያየሁ ነው የምበላው" አሉ አበልጃችን።

ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ አፍሮ ዝም፣ አንዱ ፈርቶ ዝም፣ መሃላቸው ላይ የኔ ልጅ። የያዝኩትን ጭልፋ ድስቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ ባላስቀምጠው ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ምግቡ ሳይነሳ ወንዶቹን አስወጣኋቸው። ብርድ ልብስ ላይ አጋድመው ቀስ ብለው ጓሮ አደረሱት፤ ልጄ ከሩቅ ሆና መክፈቻውን ትንሽ ትንሽ ብቻ እንዲያዞረው ለአባቷ ነገረችው። ስስስ እያለ ረጅም ጊዜ ተነፈሰ፤ የጎረቤት ውሻ አብሮት ጮኸ። ጌጁ ዜሮ እስኪል ድረስ መተንፈሴን እንጃ።

በሳምንቱ አራታችን፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄና አበልጃችን፣ ማሪዬታ ከተማ ወዳለ፣ የአየር ሲሊንደር ወደሚሸጥና ወደሚፈትን የጠላቂ ዋናተኞች ዕቃ መሸጫ ሄድን። ባለሱቁ አሮጌውን ገልበጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም ዳግመኛ እንዳይሞላው በመሰርሰሪያ ልብሳው ወይ አለ። ባለቤቴ አበልጃችንን አየ። "ይብሱት" አሉ እሳቸው፣ ከባለቤቴ ቀድመው።

ከዚያ የአዲስ ሲሊንደር ምርጫ ሆነ፤ ትዕግሥቴም እዚያ አለቀች። ባለቤቴ በቀጥታ ወደ ጥቁሩና ወደሚያብረቀርቀው ሄደ። ቀላል ነው፣ አራት ሺህ አምስት መቶ ፒኤስአይ ይይዛል።

"ጠመንጃህ ስንት ይችላል?" አልኩት።

"ሦስት ሺህ።"

"ታዲያ የማይጠጣውን ምን ልታደርገው ነው?"

"ትርፍ አይጎዳም።"

"አባዬ፣ ፕሊስ" አለች ልጄ። "ትንሽ ብትሳሳት ጠመንጃው ላይ ይበዛበታል።"

አበልጃችን ደግሞ "ኦክስጅን ብናስሞላውስ? ንጹህ አየር ነው" አሉ። ልጄ ሁለት እጇን አወናጨፈች። ኦክስጅን ጠመንጃው ውስጥ ዘይት ካገኘ እሳት ነው፣ ተራ ደረቅ አየር ብቻ፣ ብላ አስረዳቻቸው። "ይቅር፣ ይቅር" አሉ።

ቀጥሎ ባለቤቴ ርካሽ አገኘሁ ብሎ ያገለገለ ጎተተ። ልጄ ቀኑ የት እንደሚቀረጽ አሳይታኝ ነበርና አንገቱን በጣቴ ዳሰስኩት። የፈተናው ጊዜ ሊያልፍ ትንሽ ቀርቶታል። መለስኩት። በመጨረሻ ያነሳሁት አዲሱን አሉሚኒየም ነው። ከባድ ነው፣ አያምርም፣ የሚይዘው ጠመንጃው የሚችለውን ያህል ነው፣ ቀኑም ትኩስ ነው። አየር የበዛበት እንደሆነስ አልኩ በልጄ አፍ። ባለሱቁ መክፈቻው ጎን ያለች ትንሽ ክዳን አሳየኝ፤ ሲበዛበት ሲሊንደሩ ሳይፈነዳ እሷ ቀድማ ተበስታ አየሩን ታስወጣለች። "እሱን ነው የምወስደው" አልኩ። የጠመንጃው ባለቤት እኔ መስዬው ባለሱቁ ከዚያ በኋላ የሚያናግረው እኔን ሆነ። ባለቤቴ ሂሳብ ከፍሎ ተሸከመ።

አሁን ጋራዥ ግድግዳው ላይ በቀበቶ ታስሮ ቆሟል፣ ከቦይለሩ ርቆ። የሚሞላውም እዚያው ሱቅ ነው፤ ሳይሞሉ በፊት ቀኑን ያያሉ። ባለቤቴ ዳንቴሉን አታለብሺውም ወይ ብሎኝ ነበር፤ አንገቱን ልየው፣ ራቁቱን ይቁም አልኩት። ዳንቴሉን ቆርጬ ለስልኩ ጠረጴዛ አደረግሁት።

ሽኮኮዎቹ ቲማቲሙን እየገመጡ መጣላቸውን አልተዉም። አበልጃችን ባለፈው ሲመጡ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ልጄ ወደ ክፍሏ፣ ባለቤቴ ወደ አልጋው ተመልሰዋል። እኔም ጋራዡ በር አጠገብ ሳልፍ እተነፍሳለሁ። ደህና ነን።